ለካ ሳትለካ ነው!

«ቴስተር ይበቃኛል!» አለ የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን። ሰማችሁት? ገርጂ መብራት ኃይል ቆሞ፣ ካቻቢቴ ቴስተሩን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ፣ «መልቲሜትር ምን ይሠራልኛል?» አለ። ሰፈሩ መብራት ኃይል ይባላል፤ እሱን ግን መብራቱም ኃይሉም አልደረሰውም። ለካ እስከ ዛሬ ቤታችን ስትገባና ስትወጣ የኖርከው ሳትለካ ነው! ና ቅረብ። ታክሲ የምትጠብቁም ጠጋ በሉ። ታክሲው እስኪመጣ ይሄን ሰውዬ ልክ እናስገባዋለን።

ያቺ ካቻቢቴህ የምታውቀው ሁለት ቃል ነው፦ «አለ» እና «የለም»። ስንት አለ? አታውቅም። ውስጧ ያለችው ትንሽ የኒዮን መብራት ከመቶ ቮልት በታችም ልትበራ ትችላለች፣ በ220ም ትበራለች፣ በ340ም ትበራለች። እሷ በራች፤ ላንተ ግን አልበራልህም! ማቀዝቀዣው በ160 ቮልት እያቃሰተ «መብራት አለ» ብለህ ሒሳብህን ተቀብለህ ሄድክ። መብራትማ ነበረ። ያልነበረው ባለሙያ ነው።

«ለዓመታት ሠርቼባታለሁ፤ ዋሽታኝ አታውቅም» ትላለህ። ሳትዋሽህ ቀርታ አይደለም፤ ውሸቷን የምትይዝበት መሣሪያ የለህም! ቴስተር የሚበራው ጥቂት ኤሌክትሪክ በገላህ አልፎ ወደ መሬት ሲወርድ ነው። ገመዱ አንተ ነህ ማለት ነው። ደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ስትወጣ ያ መንገድ ይጠብና መብራቷ ትደክማለች፤ አንዳንዴም ጨርሶ አትበራም። የቀትር ፀሐይ ላይ ደግሞ ብትበራም አትታይም። አንተም ኮርኒስ ሥር ሆነህ «የለም» ብለህ ሽቦውን ትጨብጣለህ። እሱማ አለ፤ ሊጠፋ የደረሰው አንተ ነህ!

«ሁለቱም ቀዳዳ ላይ በራልኝ፤ ሁለት ፌዝ መጥቷል!» ኧረ በሳቅ አትግደሉኝ! ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ፌዝ የገባለት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ፣ ሁለተኛው ፌዝ ከየት መጣ? ፌዙ ያንተ ነው! አሁን ሜትር የያዘች ልጅ እንዴት እንደምታየው ተመልከት። መራጩን ተለዋጭ ቮልት ላይ ታዞራለች። በሁለቱ ቀዳዳ መሃል፦ ዜሮ። ከግራው ቀዳዳ ወደ ኧርዝ፦ 220። ከቀኙ ወደ ኧርዝ፦ እሱም 220 ገደማ። አለቀ። ሁለቱም ላይ ያለው አንድ ፌዝ ነው፤ ኒውትራሉ መንገድ ላይ ተበጥሷል፤ ሁለተኛውን ቀዳዳ ያበራው ባልተነቀለ ማቀዝቀዣ ወይ ባልጠፋ አምፖል ውስጥ አልፎ የተመለሰው ነው። ሦስት ልኬት፣ አንድ መልስ። አንተ ግን መጀመሪያ ሶኬቱን ለወጥክ፣ ቀጥሎ ገመዱን ለወጥክ፣ በመጨረሻ ወሬውን ለወጥክ!

«ኧርዝ የት አለና?» አሃ፣ ይቺን ተቀብያታለሁ። በዚህ ሰፈር መሬት ሲባል «ካሬው ስንት ገባ?» እንጂ «ሶኬቱ ጋ ደርሷል ወይ?» የሚል ጥቂት ነው። ከጎሮ እስከ አያት ስለ መሬት የማያወራ የለም፤ አንተም ስታወራ ሰምቼሃለሁ። ታዲያ ለካዋ! ከፌዝ ወደ ኧርዝ 220 አካባቢ ካልሰጠህ ሶኬቱ ኧርዝ የለውም። እሱን ለባለቤቱ መንገር የደላላ ሥራ አይደለም፣ ያንተ ነው። ውሃ ማሞቂያው ሥር እርጥብ ሆኖ የሚቆመው እሱ ነው፤ አንተማ ከታጠብክም ቆይተሃል።

«ኒውትራል ቢበጠስ መብራት ይጠፋል፣ ሌላ ምን ይመጣል?» ቢጠፋማ በታደልን! የተበጠሰው የአንድ ቤት ሳይሆን የሕንፃው ዋና ኒውትራል ሲሆን ነገር ይመጣል። በሁለት ፌዝ መሃል 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ሲሄድ በሁለት ፌዝ ላይ ያሉ ቤቶች ያንን 380 ይካፈሉታል፤ ክፍፍሉ ደግሞ እኩል አይደለም። ብዙ የጫነው ትንሽ ቮልት ይደርሰዋል፣ ትንሽ የጫነው ብዙ። ሁለተኛ ፎቅ እትዬ ይጋግራሉ። ሦስተኛ ፎቅ ቴሌቪዥንና ቻርጀር ብቻ ተሰክቷል። ታች ምጣዱ ለብ ይላል፣ ላይ ቴሌቪዥኑ ይጋገራል! ሜትር ቢኖርህ ታች 90፣ ላይ 290 አንብበህ «ብሬከር አውርዱ!» ብለህ በጮህክ። ካቻቢቴህ ግን ታችም ላይም «አለ» ትላለች። መኖሩንማ ጭሱም ነግሮናል!

«ያ ድሮ ቀረ፤ አሁን ግድቡ አለልን!» አዎ አለልን፣ ደስም ብሎናል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ፣ 5,150 ሜጋ ዋት። እሱ ከጉባ ተነስቶ ስንት ተራራ አቋርጦ ቦሌ ቡልቡላ ደረሰ፤ ደርሶም አንተ ያላጠበቅካት ብሎን ላይ ተሰናከለ! ምጣዱ በርቶ እያለ በብሬከሩ መግቢያና መውጫ መሃል ለካ። ጤነኛ ከሆነ ዜሮን ያልራቀ ቁጥር ይሰጥሃል። 5 ቮልት ካሳየህ፣ በ16 አምፔር ሒሳብ 80 ዋት ሙቀት እዚያች ሳጥን ውስጥ ፕላስቲክ እያቀለጠ ነው። ካቻቢቴህ ይሄን አታይም። ደግሞ እኮ ብሎን ማጥበቅ የእሷ ሥራ ነበር! ከሥራዋ አንስተህ መርማሪ አደረግካት፤ ብሎኑም ላላ፣ ምርመራውም ላላ።

«በቃ እሺ፣ እገዛለሁ! ያቺን ትንሿን ቢጫ። ሜትር ሁሉ ያው ነው።» አያችሁ? ከአንዱ ጉድጓድ ስናወጣው ሌላውን እየለካ ነው፤ ለመግባት! ያቺ ትንሿ ቢጫ፣ ዲቲ 830፣ ለሬዲዮ ድንጋይ፣ ለመኪና ባትሪ፣ ለተማሪ መልመጃ ትሆናለች፤ አልሰድባትም። የማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ይዘሃት ስትገባ ግን ለእሷም አዝንላታለሁ። ገመዷ ቀጭን፣ ቆዳዋ ስስ። ብዙዎቹ ላይ የ10 አምፔሩ ቀዳዳ ያለ ፊውዝ መሆኑ ፊቷ ላይ ታትሟል። እሷ ልኳን አውቃ በጽሑፍ አሳውቃለች፤ ልክህን ያላወቅከው አንተ ነህ!

«1000 ቮልት ተጽፎባታል እኮ!» መጻፍማ ማን ያቅተዋል? አንተስ ካርድህ ላይ «ኤሌክትሪሺያን» ብለህ ጽፈህ የለ! ከቮልቱ አጠገብ ካቱን፣ ማለትም የደህንነት ደረጃውን አንብብ። ካት 2 ሶኬት ላይ ለሚሰካ ዕቃ ነው። ካት 3 ለማከፋፈያ ሳጥንና ግድግዳ ውስጥ ለተዘረጋ መስመር ነው። ካት 4 ለቆጣሪውና ከፖል ለሚመጣው መስመር ነው። ወደ ፖሉ በቀረብክ ቁጥር ከኋላው ያለው ጉልበት ይበረታል። መብረቅ ሲወርድ፣ ትልቅ ሞተር ሲነሳና ሲቆም፣ መስመሩ ላይ ለቅጽበት በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይዘላል። ካት 3 ባለ 600 ቮልት ሜትር 6,000 ቮልት ዝላይ እንዲችል ተብሎ የሚፈተን ነው። አንተ ፈተና እንደማትወድ አውቃለሁ፤ ሜትርህ ግን ተፈትኖ ይምጣ። አለበለዚያ ዝላዩ ሲመጣ የምትዘለው አንተ ነህ!

«ፊውዝ አላት፤ ምን ታስፈራራኛለህ?» ክፈታትና አሳየኝ። ይቺን የመስታወት ባልቦላ ነው «አላት» የምትለኝ? ሁሉም የሚሠራትን ስህተት ልንገርህ። ምሳ ሰዓት ላይ አምፔር ለካህ፤ ቀዩን ገመድ እዚያው የ10 አምፔር ቀዳዳ ውስጥ ረሳኸው፤ ከምሳ መልስ ሶኬት ውስጥ ሰካኸው። ሜትርህ በዚያች ቅጽበት ሜትር መሆኗ ቀርቶ ተራ ሽቦ ሆነች። ሾርት! ደህናው ሜትር ውስጥ አሸዋ የተሞላ ወፍራም የሴራሚክ ፊውዝ አለ። አሸዋው ብልጭታውን ይቀብረዋል። አሸዋ በሌለበት ቀብሩ የማን እንደሚሆን አልናገርም። አምፔር የማትለካ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ የአምፔር ቀዳዳ የሌለው አለ፤ ፍሉክ 101 የሚባለው ሜትር እንደዚያ ነው። ስህተትህ የሚገባበት ቀዳዳ ካጣ ወዴት ይሄዳል? ወደ አፍህ ይመለሳል፤ እዚያ ለምዷል።

«የኔዋ 10 አምፔር ትለካለች፤ የምጣዱን ልለካባት!» ኧረ ያዙት! 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። ባለ 10 ቀዳዳ ውስጥ 16 ልታስገባ ነው? ለእሱ ክላምፕ ሜትር አለልህ። አፉን ከፍቶ ገመዱን ያቅፋል፣ ምንም ሳትቆርጥ ልኩን ይነግርሃል። አፉን ከፍቶ ልኩን የሚናገር ሲመጣ ማፈር የነበረብህ አንተ ነህ። አንዱን ሽቦ ብቻ አስይዘው ደግሞ። ፌዝና ኒውትራሉን አንድ ላይ ካስያዝከው የሄደውና የመጣው ይጣፋና ዜሮ ይልሃል፤ አንተም ዜሮህን ይዘህ «ምጣዱ ኤሌክትሪክ አይበላም» ብለህ ታስወራለህ!

ምጣዱ አልሞቀም? አምፔርም አያስፈልግህ። ከሶኬት ንቀለው። ኦም ላይ አዙር። የመሰኪያውን ሁለት እግሮች ለካ። 14 ኦም አካባቢ ከሰጠህ ሽቦው ጤነኛ ነው፤ በሽታው ሶኬቱ ወይ መስመሩ ላይ ነው። ምንም ካላነበበ ሽቦው ወይ ገመዱ ተቆርጧል። ዜሮ ከተጠጋ ሾርት አለ፤ መልሰህ እንዳትሰካ። ሥራው ይሄው ነው፣ ቡና እስኪፈላ ያልቃል። አንተ ግን ምጣዱን በመዳፍህ ዳሰስክና «ቀዝቅዟል» አልክ። ይሄንንማ እትዬም ያውቁታል፤ የጠሩህ ለዚያ ነው!

«ሜትርም ውሸታም ነው! የተቆረጠ ሽቦ ላይ 60 ቮልት አሳይቶኛል።» ጎሽ፣ አሁን ገና ሰው የሚጠይቀውን ጠየቅክ። አንድ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ካለው ሽቦ ጎን የሚተኛ ሽቦ ከጎረቤቱ ጥቂት ቮልት ይጋባበታል። ዲጂታል ሜትር ከመስመሩ የሚስበው ኢምንት ስለሆነ ያንንም ያነብልሃል። ያ 60 ቮልት የቦሌ ደላላ ነው፤ «ቤቱ በእጄ ነው» ይላል፣ «በል ቁልፍ አምጣ» ሲሉት ይሰወራል። ቁልፍ አምጣ የሚለው ሎው ዜድ የሚባለው ምርጫ ነው፤ ፍሉክ 117 ላይ አለ። ትንሽ ጭነት ያሸክመዋል፤ እውነተኛ ቮልት ይቆማል፣ የውሸቱ ይወድቃል። አንተ ግን ለሌለ ቮልት የሰው ግድግዳ ልትበሳ መሮ አንስተህ ነበር!

«ትሩ አርኤምኤስ የሚሉት የፈረንጅ ጉራ ነው።» ጉራውንማ ላንተ ትተንልሃል። መብራት ሲሄድ ቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ያለው ካፌ ሁሉ ጀነሬተርና ኢንቨርተር ያስነሳል። የርካሹ ኢንቨርተር ሞገድ የተስተካከለ አይደለም፤ ማዕዘን አለው። ተራ ሜትር ሞገዱ የመስመሩ ዓይነት ነው ብሎ ይገምትና 220ውን 170 ነው ሊልህ ይችላል። ትሩ አርኤምኤስ ግን ዕቃው የሚሰማውን እውነተኛ ቮልት ያነባል። አንተም በተራ ሜትር ለክተህ ደህናውን ኢንቨርተር «ሞቷል» ብለህ ፈታታኸው። ከዚያ በኋላማ እውነትህን ሆነ፣ ሞተ!

«እኔ የኤሌክትሪክ መኪናም እነካለሁ!» ነካ ያደረገው ብቻ ነው እንደዚያ የሚነካ! በ2016 በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ መንገዱ ሁሉ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፤ ሁሉም ደግሞ ራሱን መካኒክ አድርጓል። የብዙዎቹ ባትሪ 400 ቮልት ገደማ ነው፣ ያውም ቀጥታ። የቤትህ ተለዋጭ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ይረግጣል፤ ብልጭታ ቢነሳ የሚጠፋበት ፋታ ያገኛል። ቀጥታው ፋታ የለውም። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ከባቡሩ በላይ የተዘረጋው ሽቦም ቀጥታ ነው፣ 750 ቮልት። እሱን ለመንካትማ ሜትር ብቻ ሳይሆን ኑዛዜም ያስፈልግሃል። ሥልጠናና ጓንት ሳይኖርህ የመኪናውን ከፍተኛ ቮልት የሚሸከመውን ብርቱካናማ ገመድ እንዳትደፍር። ባለ 12 ቮልቷን ባትሪ ለካ፤ እሷ ትበቃሃለች፣ እሷም ትታገስሃለች።

«ፍሉክ ከሆነ ዓይኔን ጨፍኜ እገዛለሁ!» ዓይን ጨፍኖ የሚገዛውን ነጋዴ ዓይኑን ገልጦ ነው የሚጠብቀው! ቢጫ ሁሉ ፍሉክ አይደለም። መገናኛም ግዛ መርካቶ፣ ቀለሙን ተወውና ዕቃውን ፈትሽ። ካቱና ቮልቱ ሜትሩ ላይም ገመዱ ላይም ይጻፍ፤ ገመዱ ካነሰ ሜትሩም በገመዱ ልክ ወረደ ማለት ነው። የገመዱ ጫፍ ጣትህ እንዳይንሸራተት ከንፈር ይኑረው። የኋላውን ክዳን አስከፍትና ፊውዙን በዓይንህ እይ። ነጋዴው «አይከፈትም» ካለህ ኪስህም አይከፈት። ሱቁ ውስጥ ሶኬት አለ፦ ለካበት። ሁለቱን ጫፎች አገናኝተህ ጢጥ ማለቱን ስማ፤ ዘግይቶ ጢጥ የሚል ከሆነ ለሥራ አይሆንም፣ ላንተ የሚዘገይ አንድ ይበቃል። ትራንዚስተር መፈተሻ፣ ሙቀት መለኪያ፣ ሃያ ዓይነት ምርጫ ቢደረድርልህ አትደንግጥ። ሶኬትና ብሬከር ለሚጠግን ሰው ቮልት፣ ኦምና ጢጥታው ብዙውን ሥራ ይሸፍናሉ።

«ገዛሁ፤ አሁንስ ምን ቀረህ?» አንተ ቀረህ! አጠቃቀሙን ስማ። የጠፋ መስመር ከመንካትህ በፊት መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው የምታውቀውን ሶኬት ለካ። ቀጥሎ ልትነካው ያሰብከውን ለካ። ከዚያ ተመልሰህ የመጀመሪያውን ለካ። መሃል ላይ ሜትሩ ሞቶ ዜሮ ያለህ እንደሆነ ሦስተኛዋ ታጋልጠዋለች። ኦምና ጢጥታን ኤሌክትሪክ ባለበት መስመር ላይ አትሞክር። ድንጋዩንም በጊዜ ቀይር፤ ርካሹ ሜትር ድንጋዩ ሲደክም 220ውን 250 እያለ ያሳብዳል። ሜትር የሚሳሳተው ድንጋይ ሲያልቅበት ነው። አንተ የተሳሳትከው በዝቶብህ ነው!

እሺ፣ ታክሲው መጣ፤ እንጨርስ። ለቤት ሥራ ካት 3 ባለ 600 ቮልት ቢያንስ፣ ቆጣሪና ፖል ጋ ካት 4፣ አሸዋ የሞላው ፊውዝ፣ ወፍራም ገመድ፤ ጀነሬተርና ኢንቨርተር ለምትነካ ትሩ አርኤምኤስ፤ ምጣድና ቦይለር ለበዛብህ ክላምፕ። ይሄ ወጪ አይደለም፤ የሰው ቤት፣ የሰው ልጅና የራስህ እጅ ነው። ሂድና ግዛ፣ ተዘጋጅተህ ተመለስ፤ ሰፈሩ ይፈልግሃል፣ መብራታችንም ባለሙያ ይፈልጋል። ከሥራ በኋላ ደግሞ ከኔ ጋር ነህ፤ አረቄው በኔ ሒሳብ ነው። እስከ ዛሬ በደንብ የምትይዘው መለኪያ እሱ ብቻ ስለሆነ ከሱ አንለይህም!